ሸክላው ዝቅ፣ መቆሚያው ከፍ

አንድ ገዥ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ባይታወስ ይሻላል። እህል ከጎተራው፣ ከብት ከበረቱ ሞልቶ የተረፈው፣ ግን ሰው ቀና ብሎ ሲያየው የሚያመው ዓይነት ሰው ነበር። ታውቁታላችሁ፤ በየዘመኑ አለ። ልብሱ ይለዋወጣል እንጂ እሱ ያው ነው።

በዚያ ገዥ አገር ገበያው መሀል አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ። የአገሩ ሰው የሚካሰሰውም የሚታረቀውም እዚያ ጥላ ሥር ነው። ሕጋቸው እንዲህ ነው፦ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጥላ ሥር፣ በአንድ መሬት ላይ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዳኛውም ወንበር የለውም፤ እዚያው መሬት ላይ ይቀመጣል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ስለ ነገሩ የሚያውቀው ካለ ቆም ብሎ ይናገራል፤ "አንተን ማን ጠራህ?" የሚለው የለም። ከዋርካ ጥላ ውጭ የተሰጠ ፍርድ ደግሞ ፍርድ አይባልም፤ ማንም አይቀበለውም። እስቲ አስቡት ልጆቼ፣ ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች እንዴት ያሉ ልበ ብርሃን ነበሩ!

ገዥው ግን ይህን ሕግ እንደ እሾህ ይጠላው ነበር። እንዳይሽረው ሕዝቡን ይፈራል። ሊቀበለው ደግሞ ልቡ እሺ አይልም። የሐር ካባውን አቧራ እየነካው፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቅቤ ሻጯ በመሀል "ኧረ ጌታዬ፣ ይሄማ ልክ አይደለም!" ስትለው እየሰማ መፍረድ ነፍሱን ያወጣው ነበር።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ ነጋዴ እጅ መንሻ አመጣለት። እጅ መንሻው ዛፍ ነው፤ ዋርካ። ግን እንዴት ያለ ዋርካ! ግንዱ ተጠማዟል፣ ቅርፊቱ አርጅቷል፣ ሥሩ ከአፈር ወጥቶ እንደ ሽማግሌ እጅ ተገታትሯል። ሲያዩት የስንት ዘመን ዛፍ ነው፤ ቁመቱ ግን ከክንድ አይበልጥም። በዚያ አገር ሥሩን እየከረከሙ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ እያሰሩ፣ ዛፍን በትንሽነቱ ያስረጁታል አሉ። ጥበቡን አልነቅፍም፤ ወዶ ለሚንከባከበው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ዛፉማ ምን አጠፋ?

"ጌታዬ፣" አለው ነጋዴው፣ "መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በጆንያ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። የሚተከልበትን ሸክላና የሚቀመጥበትን መቆሚያ እርስዎ ይምረጡለት። ሸክላው ካልሆነለት ዛፉ አያምርም፤ መቆሚያው ካልሆነለትም ሰው በደንብ አያየውም።"

ገዥው ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ዋርካ ነው አልክ?"

"ዋርካ ነው ጌታዬ።"

"ጥላስ አለው?"

ነጋዴው ሳቀ። "ፀሐይ ከመታው ጥላ የማይጥል ምን አለ ጌታዬ?"

ገዥው ግን አልሳቀም። የፈለገውን አግኝቷላ!

በማግስቱ ነጋሪት አስጎሰመ። "የአገሬ ሰው ስማ! ከእንግዲህ ለፍርድ ብለህ በአቧራና በፀሐይ አትንገላታም። ዋርካውን አዳራሼ ውስጥ አስገብቼልሃለሁ። ሕጉ አልተነካም፤ ፍርድ የሚሰጠው በዋርካ ጥላ ሥር ነው!"

ሰውስ ምን አለ? አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ደግሞ "ሕጉን አልሻረም እኮ!" አለ። ይህችን "አልሻረም እኮ" የምትባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሕጉን ሳይሽር እንደዚያች ዛፍ ከርክሞ፣ ጠምዝዞ፣ ቤቱ እስኪበቃው አሳነሰው እንጂ! አዳራሹ የሚገባው እሱ የፈቀደለት ሰው ነው። ቅቤ ሻጯም፣ መንገደኛውም፣ የሚያውቁትን ይዘው ደጅ ቀሩ።

አሁን ደግሞ አንጓችን ላሳውቃችሁ። አንጓች ሸክላ ሠሪ ናት። የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚበላው እሷ በሠራችው ወጭት ነው፤ ውሃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው፤ ጠላ የሚጠምቀው በእሷ ጋን ነው። ሰላም ብሎ የሚጨብጣት ግን የለም። "ቡዳ ናት፤ ዓይኗ ይበላል" ይሏታል። ቤቷ ከመንደሩ ተለይቶ ዳር ላይ ነው። የሠራችውን ስትሸጥ መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ ትላለች፤ የገዛት ሰው ከመሬት ያነሳል። ከእጇ የሚቀበል የለም። እጇ ያበጀውን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ እጇን የሚሸሹ ሰዎች! ኧረ እንዲያው በምን ቃል ልናገረው?

እንግዲህ አንጓች ከሰው እኩል የምትቀመጥበት ቦታ ቢኖር ያ የገበያ ዋርካ ሥር ብቻ ነበር። ጥላው ለማንም እኩል ነዋ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ጉድ ወረደባት። ከቤቷ ጀርባ የሸክላ አፈር የምታወጣበት ጉድጓድ አለ፤ እናቷም የእናቷ እናትም ከዚያው ነው የቆፈሩት። የሌላ ቦታ አፈር እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ የዚያ ጉድጓድ አፈር ግን እሳት ችሎ ይወጣል። የገዥው ሚስት ወንድም፣ ቢምረው የሚባለው፣ አንድ ቀን ተነስቶ ጉድጓዱን አጠረው። "የግጦሽ መሬቴ ነው" አለ። ጉድጓድ ውስጥ ምን ሣር ይበቅላል? ቢሉት፣ ሳቀ። እንግዲህ አንጓች ያንን ጉድጓድ ካጣች ሥራዋን አጣች ማለት ነው። ሌላ የሚያሠራት የለም፤ ቤቱ የሚያስገባት እንኳ የለም። ለምኖ መብላትም አይሆንላት፤ ለልመናም ሰው ቀርቦ መስጠት አለበት።

ብትከስም ማን ይስማት? ገበያው ዋርካ ሥር ቢሆን ኖሮ ግማሹ ገበያተኛ "ጉድጓዱ የአንጓች ነው፣ እናቷን እናውቃለን" ይል ነበር። በአዳራሹ ግን ማን ይላል?

ገዥው ወደ ሸክላ መምረጡ ገባ። መጀመሪያ የናስ ሳፋ አስመጣ። ሳፋው አብረቀረቀና ሰው ሳፋውን እንጂ ዛፉን አላይ አለ። ቀጥሎ አበባ የተሳለበት የውጭ አገር ገንዳ አስመጣ። እሱም ጥልቅ ሆነና ዛፉን እስከ አንገቱ ዋጠው፤ ተቀብሮ የተረሳ ይመስላል። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ "ጌታዬ፣ ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ዛፍ ተራ ሸክላ ነው የሚሆነው፤ ዝርግ፣ አፈር የሚመስል፣ ጌጥ የሌለው" አለ።

ገዥው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ልክ ነህ! ተራ ሸክላ ይሁን። የሚያየው ሁሉ 'ጌታችን እንዴት ትሑት ነው' ይበል። መቆሚያው ግን ከፍ ይበል፤ ሰው አንጋጦ ነው የሚያየው።"

ሰማችሁ? ትሕትናን ለጌጥ አስቀረጸው። ከታች አፈር መስሎ፣ ከላይ ሰው ያንጋጥጥለት! ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ። ትዕቢቱን በግልጽ ቢያወጣው እኮ ቢያንስ እናውቀው ነበር።

አንጓችን አስጠራት። መጥታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ አጋፋሪው "እዚያው! እዚያው ቁሚ!" አላት። ገዥው ከውስጥ ሆኖ ተናገራት።

"ሸክላ ትሠሪልኛለሽ። እንደ ወጭት ዝርግ፣ ከወጭት ግን ሰፋ ያለ።"

"በምን አፈር ጌታዬ? ጉድጓዴን አማችዎ አጥሮታል።"

"ክስሽን ሰምቻለሁ። ሸክላውን ሥሪ፤ ሲያልቅ ከሁሉ በፊት ያንቺን ክስ አያለሁ። በዋርካው ጥላ ሥር።"

"በየትኛው ዋርካ ጌታዬ?"

"አንቺ በምትሠሪለት ዋርካ!" አለና ሳቀ፤ አጫፋሪዎቹም ሳቁ።

አንጓች ቤቷ ገባች። ጉድጓዱ ሳይታጠር ቆፍራ በእርጥብ ጆንያ የሸፈነችው ትንሽ አፈር ነበራት፤ የመጨረሻዋ ናት። እሷን አቦካችና ሠራች። ለምን ሠራችለት ትሉ ይሆናል። እኔም ብናደድባት ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ የሚሰማት በር ካልነበራትስ? ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ በጠጠር አለሰለሰችው፣ አደረቀችው፣ በኩበትና በጭድ ተኮሰችው። ሳይሰነጠቅ ወጣ። እልኋም ንዴቷም አብሮ ተተኩሶ ነበር መሰለኝ፤ እንደዚያ ያለ ሸክላ ሠርታ አታውቅም ነበር ይላሉ።

መቆሚያውን የሚሠራው አናጢ ይርዳው ይባላል። ልክ ሊወስድ ቤቷ ደጅ ድረስ መጣ። ሸክላውን መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ አለችለት፤ እሱ በገመድ ለካ።

"ይርዳው፣" አለችው ከርቀት፣ "መቆሚያውን ዝቅ አድርገው። በርጩማ የሚያህል ይበቃል፤ ሰው ተቀምጦ ይየው።"

"የታዘዝኩት እስከ ደረት ነው አንጓች።"

"እስከ ደረት ከሆነ እኔ የት ነው የምቀመጠው? ጥላው ግድግዳ ላይ ሊወጣ ነው እንዴ?"

ይርዳው ገመዱን ጠቀለለ። "እኔ እንጨት ጠራቢ ነኝ። ያንቺን መቀመጥ ማን ጠየቀኝ?"

ይህን መልስ ልብ በሉት። ክፉ ሰው አይደለም ይርዳው፤ ልጆቹን የሚወድ፣ ለጎረቤት የሚደርስ ሰው ነው። ግን ክፉ ሥራ ሁሉ የሚያልፈው "እኔን ማን ጠየቀኝ?" በሚል ሰው እጅ ነው። መቆሚያውንም አሳምሮ ሠራው፤ እግሮቹን እንደ አንበሳ እግር ቀረጸ፣ በሰም ወለወለ። እስከ ደረት አደረሰው።

የፍርዱ ቀን የትልቁ ገበያ ቀን ነበር። ገዥው ከጎረቤት አገር እንግዶች ጠርቶ፣ አዳራሹ መሀል ያንን ረጅም መቆሚያ አስቁሞ፣ ላዩ ላይ ሸክላውን፣ ሸክላው ላይ ትንሹን ዋርካ አስቀምጦ፣ እሱ ከኋላው ባለ ምንጣፍ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹ "ወይ ሸክላ! ወይ መቆሚያ!" አሉ። የመስኮቱ ፀሐይ ዛፉን መታውና ወለሉ ላይ ጥላ ጣለ፤ የአንድ ሰው ጭንቅላት የምታህል ጥላ።

ቢምረው ሄዶ ጥላዋ ላይ ተቀመጠ። አንጓችን ግን በሩ ሥር አስቆሟት።

"ጌታዬ፣" አለች፣ "ሕጉ በአንድ ጥላ ሥር ነው የሚለው። እኔ ጥላ ውስጥ የለሁም።"

"ጥላው ለአንድ ሰው ነው የበቃው" አለ ገዥው። "አንቺ እንደገባሽ ይቆጠራል።"

"እንደገባሁ ይቆጠራል? እግሬ በር ላይ ሆኖ?"

ቢምረው ወደ እንግዶቹ ዞሮ "ቡዳ ደግሞ ጥላ ምን ያደርግላታል? ዛፉን በዓይኗ ከምታደርቀው እዚያው ትሁን!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በዚህ መሀል ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ጥላዋም ፈቀቅ አለች፤ ቢምረው በቂጡ እየተንፏቀቀ ተከተላት። ደግሞ ፈቀቅ ስትል ደግሞ ተንፏቀቀ። ሐቀኛ ሰው መስሎ ጥላ ሲያሳድድ ብታዩት! አንዱም ሰው በዚህኛው አልሳቀም። በባለጌ የሚሳቅበት ቀን ሩቅ ነው።

"እንግዲህ" አለ ገዥው ቶሎ ለመጨረስ፣ "ምስክር አለሽ?"

"ገበያው ሙሉ ነው ምስክሬ።"

"እዚህ ማን አለሽ ነው ያልኩሽ።"

"እዚህ ማንን አስገቡልኝ?"

"እንግዲያውስ ምስክር የላትም ማለት ነው። ጉድጓዱ የ..."

አልጨረሰውም። አንጓች ከበሩ ተነስታ ወደ መቆሚያው እየሄደች ነበር።

"ተመለሺ!" አለ አጋፋሪው። አልተመለሰችም። በመንገዷ የነበሩት እንግዶች ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ሸሹላት፤ ልብሷ እንዳይነካቸው ነው። ሰፊ መንገድ ከፈቱላት። መቆሚያው ዘንድ ደረሰች፣ እጇን ዘረጋች፣ ሸክላውን ከነዛፉ አነሳችና አቀፈችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" ብሎ ጮኸ ገዥው።

"ጥላው ስላልበቃን ሰፊው ዘንድ ልውሰደው።"

"ያዟት!"

ማን ይያዛት? አንዱ ዘበኛ ሌላውን አየ። "አንተ ያዛት።" "አንተ አትይዛትም? አንተ አይደለህም ቅርብ ያለኸው?" "እኔ ልጆች አሉኝ፣ አንተ ያዛት!" አንዱ ዱላውን አነሳ፤ ዱላው ካረፈ ግን ሸክላው ይሰበራል፤ ዛፉ ይሞታል፤ እሱም በተራው ጌታው እጅ ይወድቃል። ዱላውን መለሰ። ዕድሜ ልኳን ሰው ያልነካት፣ እንደ በሽታ የሸሻት እጅ፣ ያን ቀን አንድም የሚያስቆማት ጣት አጣ። በንቀታቸው ነው በሩን የከፈቱላት። ይርዳው አናጢው በሩ ላይ ምስጋናውን ሊቀበል ቆሞ ነበር። አየችው። ከመንገዷ ገለል አለና በሩን በሰፊው ገፋው። ይህችን ታህል አደረገ። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም ከዚያ በፊት ያደረገው ምንም አልነበረም።

አንጓች ዛፉን አቅፋ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረደች። እንስራ ተሸክማ ያደገች ሴት ናት፣ አትደክም። ከኋላዋ ዘበኞቹ፣ ከዘበኞቹ ኋላ እንግዶቹና ቢምረው፣ ከሁሉም ኋላ ካባውን በእጁ ሰብስቦ ገዥው ራሱ "ዛፌን! ዛፌን!" እያለ ይሮጣል። ገበያተኛው ሚዛኑን ጣለ፣ አህያውን ለቀቀ፤ ይህን ሳያይ ማን ይቀራል?

አንጓች ከትልቁ ዋርካ ሥር ደረሰችና ዛፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ገዥው እያለከለከ ደረሰ። "አምጪ!" አላት።

ሁለት እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ሸክላውን እንደያዘች። "እንኩ ጌታዬ፣ ይውሰዱ።"

መሬት ላይ አላስቀመጠችውም። ከእጇ እንዲቀበላት ነው የዘረጋችለት። ገዥው እጁን ሊሰድ ጀመረና ቆመ። እንግዶቹ ያዩታል፤ ገበያው ያየዋል። ዞሮ ዘበኞቹን አየ፤ ዘበኞቹ ጫማቸውን አዩ።

ያኔ ከአገሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አባ ጥጋቡ የሚባሉ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ "ጌታዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። ከዋርካው ጥላ ከገቡ ቆይተዋል። ዛፉን ካልወሰዱት ይቀመጡ፤ ቢምረውም ይቀመጥ። ነገሩን እንስማው።"

"እኔ በአዳራሼ..."

"እሱ እንኳ ከአዳራሹ ወጥቷል" አሉ አባ ጥጋቡ፣ በአገጫቸው ትንሹን ዋርካ እያሳዩ። ገበያው ሳቀ።

ገዥው ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ቢሄድ ዛፉንም ክብሩንም ጥሎ ነው የሚሄደው። በሐር ካባው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢምረውም ከአንጓች ጎን ተቀመጠ፤ የሚንፏቀቅበት አላጣም፣ ጥላው ሰፊ ነው፤ ግን የሚሸሽበት የለም።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ቅቤ ሻጯ እትዬ ስንዱ ከቅቤዋ ተነስታ "የአንጓችን እናት ከዚያ ጉድጓድ አፈር ስታወጣ አይቻለሁ፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቢምረውማ አልተወለደም!" አለች። አንዱ አህያ ነጂ "እኔ ለአጥሩ እንጨት የጫንኩ ሰው ነኝ፤ 'ሰው ሳያይ ቶሎ አጥረው' ነው ያለኝ" አለ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተነሳ። ቢምረው "ውሸት ነው!" ሲል አንዲት አሮጊት "አንተ ልጅ፣ ዝም በል! ሰው እየተናገረ ነው" አሉት።

ገዥው ያን ሁሉ ሰው አየ። ጥርሱን ነክሶ "ጉድጓዱ የእሷ ነው። አጥሩ ይነሳ" አለ። ገበያው በእልልታ ቀለጠ። አንጓች ሸክላውን ከነዛፉ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ሄደች። ዘበኞቹም አነሱት። ገዥው ከዚያ በኋላ ዛፉን ወደ መኝታ ቤቱ አስገባው አሉ። እዚያ ፍርድ የለም፤ ዛፍ ብቻ ሆነ፤ ለዛፉም ለሰዉም ይህ ተሻለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ብዙ ሰው ሲያወራው እዚህ ያበቃዋል፤ ስለሚያስደስት። እኔ ግን ቀሪውን አልውጠውም።

ገበያው ሲበተን እትዬ ስንዱ ደስ ብሏት ሰዉን ሁሉ ቤቷ ጠራች። "ኑ ግቡ! ጠላ ቅመሱ! ዛሬ እኮ ፍርድ ተፈረደ!" ሰው ግቢውን ሞላው። ጠላው የተቀዳው ከአንጓች ጋን ነው። ስለ አንጓች ድፍረት እየተወራ ይጠጣል፤ እንዴት እንደሄደች እየተነሱ ያሳያሉ፤ ይስቃሉ። በዚህ መሀል አንጓች ራሷ ወደ ጉድጓዷ ስትሄድ በደጁ አለፈች።

"አንጓች! እንኳን ደስ ያለሽ!" ብላ ጮኸች እትዬ ስንዱ። ከልቧ ነው፤ አልዋሸችም። ሮጣ ገባችና ጠላ ቀዳችላት። ግን ሌላው በሚጠጣበት ዋንጫ አይደለም፤ ለብቻ በተቀመጠ የተሰነጠቀ ቅል ነው። ይዛላት ደጅ ወጣች። ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ራቅ አለች።

አንጓች ቅሉን አየችው። እትዬ ስንዱን አየቻት። "እንኳን አብሮ ደስ አለን እትዬ ስንዱ" አለች። ቅሉን ተራምዳ አለፈችና መንገዷን ቀጠለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ትምህርቱ ምን መሰላችሁ? የሁሉ የሆነውን ነገር አሳንሶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው፣ ምን ያህል ትሑት ሸክላ ቢመርጥለት፣ ከፍ ያለ መቆሚያውን እዩበት፤ የልቡን የሚናገረው እሱ ነው። ፍርድ ማለት ትልቅም ትንሽም እኩል የሚቀመጥበት፣ የሚያውቅ ሁሉ የሚናገርበት ሰፊ ጥላ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ሌላ ስም ይፈለግለት። ይህን አትርሱ፤ ለሌላውም ንገሩ።

ግን በገዥው ብቻ ተናዳችሁ እንዳትቀሩ። በገዥ መናደድ ቀላል ነው፤ ሩቅ ነው፣ ካባ ለብሷል፣ ሲሮጥ ያስቃል። እኔን ከሱ ይልቅ ያቺ ደግ ሴት ናት የምታንገበግበኝ። ገዥው አንድ መቆሚያ ነው የነበረው፤ እሱም ያን ቀን ወርዷል። እሷ ግን እውነት መስክራ፣ እልል ብላ፣ ደስታዋን ልታካፍል ወጥታ፣ ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ አለች። ማንም አላዘዛትም። ያላወረድነውም ይሄው ነው። ለሰው ፍርድ ሰጥቶ እጅን መከልከል ግማሽ ፍርድ ነው፤ ግማሽ ፍርድ ደግሞ ያላለቀ በደል ነው።

እስቲ አሁን ልጠይቃችሁ፤ ለእኔ አትመልሱልኝ፣ ለራሳችሁ መልሱ፦ የሠራላችሁን ይዛችሁ፣ እሱን ራሱን ደጅ ያቆማችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ በደጃችሁ ቢያልፍስ፣ እጅ ለእጅ ትሰጡታላችሁ ወይስ መሬት ላይ ታስቀምጡለታላችሁ?